ከአልበሙ በፊት ካሴቱ ነበር፦ ስለ ኤክሶደስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት
ለብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ
ግልባጭ፦ ሙዚቃ ለሚወድ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የኤክሶደስን የመጀመሪያ አልበምና ከእሱ በፊት የተቀዱትን ካሴቶች ስለመመዝገብ

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

በ2016 የሜታሊካ ባንድን «ማስተር ኦፍ ፐፐትስ» አልበም በመዝገባችሁ ስታሰፍሩ እንደ ብዙ የሜታል ወዳጆች እኔም በጣም ደስ ብሎኛል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለረጅም ጊዜ «ጫጫታ» እየተባለ ሲናቅ የኖረ ሙዚቃ ከታላላቅ የጃዝና የብሉዝ ቅጂዎች ጎን ቦታ አገኘ። ይገባዋል።

ነገር ግን ያ አልበም የወጣው በ1986 ነው። በዚያን ጊዜ ትራሽ ሜታል የሚባለው ፈጣኑና ኃይለኛው የሜታል ዓይነት አዲስ ነገር አልነበረም። ተወልዶ፣ ድክ ድክ ብሎ፣ ሮጦ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር። የተሻገረው ደግሞ መጀመሪያ በአልበም አይደለም፤ በካሴት ነው። ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ፣ በፖስታ እየተላከ። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ካሴትና ካሴቱ ላይ ስለነበረ አንድ ባንድ ነው። ባንዱ ኤክሶደስ ይባላል።

ጥያቄዬን ሳላዞር ልናገር። በ1985 የወጣውን የኤክሶደስን የመጀመሪያ አልበም «ቦንድድ ባይ ብለድ»ን መዝግቡት። በ1982 የተሠራውን ዴሞ፣ ማለትም ከአልበም በፊት የተቀዳውን የሙከራ ቅጂ፣ አብራችሁ መዝግቡት። ከሁለቱም በላይ ደግሞ በየሰዉ ጓዳ በካርቶን ታሽገው የቀሩትን የዚያን ዘመን ካሴቶች፣ በራሪ ወረቀቶችና ፋንዚኖች (የአድናቂ መጽሔቶች) ጊዜ ሳያልፍባቸው ሰብስቡ።

ለምን ይሄ ባንድ? ታሪኩን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ፣ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ባለው ሰፈር ነው። በ1979 ጊታሪስቱ ኪርክ ሃሜትና ድራም መቺው ቶም ሃንቲንግ ከጓደኞቻቸው ጋር ባንድ አቋቋሙ። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። እንደማንኛውም ጀማሪ ባንድ በሌሎች ሰዎች ዘፈን ተለማመዱ። የባንዱን ዕቃ ሲሸከም የነበረ ጌሪ ሆልት የሚባል ልጅ ነበር። ጊታር ያስጀመረው ሃሜት ራሱ ነው። ያ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ባንዱን ተቀላቀለ፤ ዛሬም ድረስ የኤክሶደስ ዋና ሰው እሱ ነው። ቀጥሎ ፖል ባሎፍ መጣ። ባሎፍ ድምፃዊ ነው ለማለት ድምፃዊ የምንለውን ትንሽ ማስፋት ያስፈልጋል። ያስገመግማል፣ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ መድረኩን ሙሉ በሙሉ የራሱ ያደርገዋል። ዜማ ፈልጎ ወደ እሱ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ግን እሱ ሲጮኽ አለማመን አይቻልም።

ሙዚቃው ምን እንደነበረ ለማያውቅ አንባቢም ትንሽ ልበል። እንግሊዝ አገር እነ ሞተርሄድ፣ ዳይመንድ ሄድና ቬኖም ሄቪ ሜታልን አፍጥነውትና አክርረውት ነበር። በሌላ በኩል የሃርድኮር ፓንክ (ጥሬና ፈጣን የሮክ ዓይነት) ልጆች ዘፈን በአንድ ደቂቃ ጨርሰው የሚወርዱበት ጊዜ ነው። የባሕረ ሰላጤው ልጆች ሁለቱን አጋጩ። ጊታሪስቱ የቀኝ መዳፉን ጠርዝ በጊታሩ ክሮች ጫፍ ላይ ያሳርፋል። ክሩ ሲመታ አይዘምርም፤ ታፍኖ ያጉረመርማል። ያንን የታፈነ ድምፅ፣ እጁ ወደ ታች ብቻ እየመታ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ይደጋግመዋል። ድራሙ ከሥር ሳያቋርጥ ይነዳዋል። ድንገት ሁሉም ቀጥ ይላል። አንድ ጊታር ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ሁሉም እንደገና ይገባል፣ አዳራሹ ይናወጣል። ይህን የሰማ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ዕድሜ ልኩን ይቀራል። እኔ ቀርቻለሁ።

በ1982 ኤክሶደስ ሦስት ዘፈን ያለበት ዴሞ ቀዳ። ኪርክ ሃሜት የባንዱ አባል ሆኖ የተጫወተበት የኤክሶደስ የስቱዲዮ ሥራ እሱ ብቻ ነው። ድምፁ ያልጠራ ነው። ዘፈኖቹ ገና መንገዳቸውን እየፈለጉ ነው፤ አሮጌው ሄቪ ሜታል አልለቀቃቸውም። እኔን የሚገርመኝም ይሄው ነው። አንድ ዓይነት ሙዚቃ ወደ ሌላ ዓይነት ሲቀየር፣ ልክ በመቀየሪያው ሰዓት ላይ የተያዘ ድምፅ ስንት ጊዜ ይገኛል? አልበም ይህን አያሳይም። አልበም ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ኤፕሪል 1983 ላይ ባንዱ ትልቅ ነገር አጣ። ሜታሊካ ኒው ዮርክ ሄዶ ጊታሪስቱን ዴቭ ሙስቴይንን አባረረና ሃሜትን ጠራ። ሃሜት ሄደ። ኤፕሪል 16 ኒው ጀርሲ ውስጥ ከሜታሊካ ጋር መድረክ ላይ ነበር። የሄደበትን ማንም አይፈርድበትም። ኤክሶደስን ግን ገና 19 ዓመት ላልሞላው ጌሪ ሆልት ትቶለት ነው የሄደው። ሌላ ባንድ ቢሆን እዚያው ይበተናል። ሆልት አልተበተነም። ሪክ ሁኖልት በሁለተኛ ጊታር፣ ሮብ መኪሎፕ በቤዝ ገቡ። ሆልትና ሁኖልት አንድ ሰው በሁለት ጊታር የሚጫወት እስኪመስል ድረስ ተናበቡ። በእኔ ጆሮ ኤክሶደስ እውነተኛ ኤክሶደስ የሆነው ከሃሜት በኋላ ነው።

ቤታቸው በርክሊ ያለችው ሩዚስ ኢን ነበረች። ትንሽ ክለብ ናት። የፓንክ ባንድና የሜታል ባንድ በአንድ ምሽት አንድ መድረክ ላይ ይወጡባት ነበር። በሌሎች ቦታዎች የሁለቱ ወገን ልጆች ሲገናኙ ይደባደቡ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። እዚያ ተሰብሳቢው ከመድረክ እየዘለለ በሰው ላይ ይወድቃል፣ ሰው ይቀበለዋል፣ ተመልሶ ይወጣል። የዛሬ የሜታል ኮንሰርት የሚመስለውን የሚመስለው እንደዚያ ባሉ ክለቦች በተወለደ ባህል ነው።

ሁሉም ያማረ ነበር አልልም። ባሎፍና ጓደኞቹ የተኳኳለ የግላም ባንድ ስም ያለበት ቲሸርት የለበሰ ሰው ሲያገኙ ቲሸርቱን ይቀዱበትና ቁራጩን አንጓቸው ላይ ያስሩት ነበር። የአልበሙ ግጥሞችም ደም ደም ይሸታሉ። ይህን እያወቅሁ ነው የምጠይቃችሁ። የሰውን ልብስ መቅደድ ጥሩ ነገር አይደለም። ነገር ግን እናንተ የምታኖሩት የጨዋ ልጆችን ሥራ ብቻ አይደለም። ያ ቁጣ የአንድ ትውልድ ድምፅ ነው። ያደጉት የኒውክሌር ጦርነት ነገ ይነሳል እየተባለ ነው። ታጥቦ ተተኩሶ ከቀረበልን ታሪኩ ውሸት ይሆናል።

አሁን የደብዳቤዬ ልብ ወደሆነው ነገር ልምጣ።

የሜታል ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አልበም በወጣበት ቀን ነው። በዚያ አቆጣጠር ሰልፉ እንዲህ ይሆናል። ሜታሊካ ጁላይ 1983። ስሌየር ዲሴምበር 1983። አንትራክስ ጃንዋሪ 1984። ኤክሶደስ ኤፕሪል 1985። ሜጋዴዝ ጁን 1985። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ኤክሶደስ ሰው ከሄደ በኋላ የተነሳ ባንድ ይመስለዋል። ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ሜጋዴዝና አንትራክስ «አራቱ ትልልቆች» ተብለው ሲጠሩ ኤክሶደስ ከበር ውጭ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

በካሴት አቆጣጠር ግን ሰልፉ ሌላ መልክ ይይዛል። «ቦንድድ ባይ ብለድ» የተቀዳው በ1984 በአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ)፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮታቲ በምትባል ከተማ፣ ፕሬሪ ሰን ስቱዲዮ ነው። ቀድሞ የዶሮ እርባታ የነበረ ግቢ ነው። ፕሮዲውሰሩ ማርክ ዊታከር ነበር። ሥራው በዚያው በጋ አለቀ። ከዚያ በስም ለውጥ፣ በሽፋን ሥዕልና በአሳታሚ ጣጣ ተያዘ። መጀመሪያ ሌላ ርዕስ ነበረው፤ ሥዕሉም ተቀየረ። ቶሪድ ሬከርድስ አልበሙን ለገበያ ሲያበቃው ዘጠኝ ወር ገደማ አልፎ ነበር። ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ዘጠኝ ወር ምንም ላይሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ለትራሽ ሜታል ግን ዘጠኝ ወር እንደ አንድ ዘመን ነው። በየወሩ አንዱ ከሌላው የባሰ ፈጣን ነገር ይዞ ይመጣ ነበር።

ታዲያ በእነዚያ ወራት አድማጩ ምን አደረገ? አልጠበቀም። ቅጂው ሾልኮ ወጥቶ ከእጅ እጅ ሲዞር ነበር። አልበሙ ሱቅ ሲደርስ ብዙ የአንደርግራውንድ አድማጮች ዘፈኖቹን በቃላቸው ያውቋቸው ነበር። ሌሎች ባንዶችም ሰምተዋቸዋል። ማን ከማን ተማረ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን እነዚያ ካሴቶች ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጣችሁ። የሜታሊካን «ክሪፒንግ ዴዝ» ስሙት። መሃል ላይ ሙዚቃው ይከብድና ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አንዲት ቃል እየደጋገመ የሚጮኽበት ቦታ አለ። በየስታዲየሙ አሥር ሺዎች እጃቸውን እየሰበቁ የሚጮኹት ያ ክፍል የመጣው ከኤክሶደስ ዘፈን ነው። ሃሜት ኤክሶደስ ውስጥ እያለ በሠራው ሪፍ (እየተደጋገመ በሚመጣ አጭር የጊታር ምት) ላይ የቆመ ነው፤ ሲሄድ ይዞት ሄደ። የሠራው እሱ ስለሆነ ሰረቀ አይባልም። ግን ቀኑን ተመልከቱ። «ክሪፒንግ ዴዝ» ያለበት አልበም የወጣው በ1984 በጋ ነው። ኤክሶደስ ስቱዲዮ ውስጥ የመጀመሪያ አልበሙን የሚቀዳበት በጋ ማለት ነው። ኤክሶደስ በመድረክ ይጫወተው የነበረ ሪፍ ከኤክሶደስ አልበም ቀድሞ፣ በሌላ ባንድ ስም ሱቅ ገባ። ይህን ማወቅ የቻልነው የድሮ የመድረክና የልምምድ ቅጂ ያስቀሩ ሰዎች ስለነበሩና ተጫዋቾቹም ስለመሰከሩ ነው። ካሴቱ ባይኖር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

የካሴት ልውውጡ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማያውቁ ወጣቶች ላስረዳ። በፎቶ ኮፒ የሚባዙ፣ አድናቂዎች ራሳቸው የሚያዘጋጇቸው ፋንዚን የሚባሉ መጽሔቶች ነበሩ። ከኋላ ገጻቸው የሰዎች አድራሻ ይወጣል። አንዱ ለሌላው «ይኼ ይኼ ዴሞ አለኝ፣ አንተስ ምን አለህ?» ብሎ ይጽፋል። ዝርዝር ይለዋወጣሉ። ከዚያ ሁለት ቴፕ ይገጣጠማል፣ ወይም ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ይገኛል። ከአንዱ ይጫወታል፣ በሌላው ይቀዳል። ማፍጠኛ የሌለው ቴፕ ከሆነ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ መቀመጥ ነው። በአንዱ ገጽ ዴሞ፣ በሌላው ገጽ ኮንሰርት። ክሩ ካለቀ ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆረጣል። ወረቀቱ ላይ የባንዱ ስምና የዘፈኖቹ ርዕስ በእስክርቢቶ ይጻፋል፤ አንዳንዱ የባንዱን ዓርማ ሳይቀር በእጁ ይስላል። ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ስለነበሩ ቴምብሩ ላይ ሳሙና ወይም ሙጫ ይቀባሉ። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሳሙናው ላይ ያርፋል። ተቀባዩ ቴምብሩን አጥቦ ይመልስላቸዋል፣ እንደገና ይለጥፉታል።

እንዲህ እየሆነ የአንድ ጋራዥ ልምምድ አውሮፓና ደቡብ አሜሪካ ደረሰ። ሜታሊካ አሳታሚ ያገኘው የ1982 ዴሞው «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» በዚህ መንገድ ከእጅ እጅ ስለተዛወረ ነው። የሜታሊካ ስም ራሱ የመጣው ሮን ኩዊንታና የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ሊጀምረው ለነበረው ፋንዚን ካዘጋጃቸው የስም አማራጮች ውስጥ ነው። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ግን ያለ እሷ የዚያን ባንድ ስም እንኳ መተረክ አይቻልም።

ሜታሊካ ያንን ዴሞ በ2015 ራሱ በካሴት አሳትሞታል። አቅሙ አለው፣ ደግ አደረገ። አቅም የሌላቸውስ? አንድ ዴሞ ቀድተው የተበተኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሩዚስ ኢን መድረክ ላይ ወጥተው የጠፉ ባንዶች ስንት ናቸው? የእነሱ ሥራ ያለው በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። ያ ሰው ቤት ሲቀይር ወይም ሲሞት ወራሾቹ ካሴቱን ምን ያደርጉታል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ካሴት ደግሞ አይጠብቅም። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የምጽፈው ግልባጩ ለደረሳቸው ነው። የካሴቱ ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በባለ 90 ደቂቃው ካሴት ውፍረቱ 12 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ድምፁ ያለው ፕላስቲኩ ላይ በተለበጠ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ላይ ነው። ብናኙን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይላላል። ክሩን ከቴፑ ማንበቢያ (ሄድ ከሚባለው) ጋር የምታገናኘው ትንሿ ስፖንጅ ትወድቃለች። እርስ በርሱ ተጠቅልሎ ለዓመታት የቆየ ክር የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ሌላው ያልፍበታል፤ ዘፈኑ ሳይጀምር ከሩቅ ሲጀምር ይሰማል። የድሮ ካሴት የሰማ ሰው ያንን ያውቀዋል።

መገልበጥም የራሱን ጉዳት ያደርሳል። በእያንዳንዱ ግልበጣ ሽውታው ይጨምራል፣ ሲምባሉ ይደበዝዛል። የአንዱ ቴፕ ፍጥነት ከሌላው ስለሚለይ የዘፈኑ ቃና ሳይቀር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዛሬ በኢንተርኔት የሚገኙት ዴሞዎች ብዙዎቹ የቅጂ ቅጂ የቅጂ ቅጂ ናቸው። «ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል እንዴ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እሱ ድምፁ የነበረበትን ምልክት ነው የሚያሳየው። ለባንዱ ቅርብ የሆነውን፣ የመጀመሪያውን ካሴት ፈልጎ፣ የማንበቢያ ሄዱን ለዚያ ካሴት እንደሚስማማ አስተካክሎ፣ በትክክለኛው ፍጥነት የሚያወጣው ባለሙያ ያስፈልጋል። ያ ባለሙያ እናንተ ጋ አለ።

ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር በ2019 የማግኔት ቴፕን ጉዳይ የማስጠንቀቂያ ደወል ብለው አንስተውታል። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ማጫወቻ ማሽኑ መመረት አቁሟል፤ መለዋወጫው እያለቀ ነው፤ ጥገናውን የሚችሉት ሰዎች ጡረታ እየወጡ ነው። በባለሙያዎቹ ዘንድ ሲጠቀስ የነበረው የመጨረሻ ዓመት 2025 ነበር። ስለዚህ «ቀስ ብለን እናየዋለን» የሚባል ነገር የለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከልፔፐር ያለው የድምፅና የምስል ማቆያችሁ ምን እንደነበረ አስታውሳለሁ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ተራራ ውስጥ የተቀበረ የፌደራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ምሽግ ነበር። የኒውክሌር ጦርነት ከተነሳ በኋላ ኢኮኖሚውን ለማስነሳት በሚል በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተቆልሎበት ነበር። በ2007 የድምፅና የፊልም ቤት ሆነ። ስለ ኒውክሌር ፍጻሜ ሲጮኹ የነበሩት ልጆች ካሴት፣ ያንን ፍጻሜ ለማምለጥ በተሠራ ምሽግ ውስጥ ቢቀመጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅለትም።

«ዴሞ ካሴት ለብሔራዊ መዝገብ አይመጥንም» የሚል ካለ የራሳችሁን ታሪክ ያንብብ። ጆን ሎማክስና ልጁ አለን በ1930ዎቹ ከባድ መቅረጫ ማሽን በመኪና ኋላ ጭነው እስር ቤትና እርሻ ለእርሻ የዞሩት ለእናንተ ነው። የብሉዝና የሕዝብ ዘፈን ድምፃዊውን ሌድ ቤሊን ሉዊዚያና ውስጥ እስር ቤት ሄደው የቀዱት ያኔ ነው። ያ ድምፅ ያኔ በአሳታሚ አልወጣም፣ ድምፁም የጠራ አልነበረም። ዛሬ ማንም ዋጋውን አይጠራጠርም። መዝገባችሁ ውስጥ የሰም ሲሊንደር ቅጂ አለ፣ የሬዲዮ ስርጭት አለ፣ የመስክ ቅጂ አለ። በ1982 የነበሩት ልጆች ሎማክስን አልጠበቁም፤ ራሳቸው ቀዱት። የሚቀረው ማንሳት ብቻ ነው።

ሌሎችም አርዓያ ሆነዋል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ የሂፕ ሆፕን የመጀመሪያ ዘመን ቅጂዎች፣ ፎቶዎችና በእጅ የተሠሩ የጭፈራ በራሪ ወረቀቶች ሰብስቦ አኑሯል። አንድ ምሽት ካለፈ በኋላ የሚጣል የነበረ ወረቀት ዛሬ ተመራማሪ በጓንት ይዞ ያየዋል። ለትራሽ ሜታልም እንዲሁ ይደረግለት ነው የምለው።

ከ1985 በኋላ ያለውን የባንዱን ታሪክ ቶሎ ቶሎ ልለፈው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአልበም ተመዝግቧል። ባሎፍ በ1986 ከባንዱ ተሰናበተ። በቦታው ሌጋሲ ከሚባለው ባንድ ስቲቭ ሱዛ መጣ። ሌጋሲ በኋላ ቴስታመንት የሆነው ነው። አልበሞች ተከታተሉ፣ ወደ ትልቅ አሳታሚ ገቡ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ተበተኑ። በ1997 ከባሎፍ ጋር ተመልሰው የመድረክ ቅጂ አወጡ። ኦገስት 2001 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቴስታመንቱ ቸክ ቢሊና የዴዝ ባንድ መሥራች ቸክ ሹልዲነር በካንሰር ታመው ስለነበር የድሮዎቹ ባንዶች ለሕክምናቸው ተሰበሰቡ። ኤክሶደስም ከባሎፍ ጋር ተጫወተ። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2002፣ ባሎፍ በስትሮክ አረፈ። 41 ዓመቱ ነበር።

ባሎፍ በኤክሶደስ የስቱዲዮ አልበም ላይ የተሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ «ቦንድድ ባይ ብለድ» ላይ። የቀረው ድምፁ ያለው በዴሞና በመድረክ ቅጂ፣ አብዛኛውም በካሴት ነው። ይህን ሳስብ ካሴቶቹ መጥፋታቸው ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይመስለኝም። በሁለት ዘፈን መሃል የሚናገረው፣ ሕዝቡን የሚያናድደው፣ የሚያስቀው ባሎፍ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሌሎቹ በሕይወት አሉ። ጌሪ ሆልት ከ2011 ጀምሮ የስሌየርን ጊታር ቦታ ሸፍኗል፣ ኤክሶደስንም አልተወም። ቶም ሃንቲንግ በ2021 የጨጓራ ካንሰር ተገኝቶበት ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ወደ ድራሙ ተመልሷል። ያንን ሳነብ በጣም ደነገጥኩ። በ1979 ከተጀመረው ባንድ ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ሰው ነው። የሚያውቀውን ተቀምጦ የጠየቀው አለ? የጋዜጣና የመጽሔት ቃለ ምልልስ ብዙ አለ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ካሴቱን ፊቱ አድርጎ፣ እያጫወተ፣ «ይኼ የት ነው የተቀዳው? ማን ነው ማሽኑን የያዘው? ይኼን ሪፍ ማን አመጣው? ከኋላ የሚስቀው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ለሆልትም፣ ለሁኖልትም፣ ለሃሜትም እንዲሁ። ሩዚስ ኢን በር ላይ ትኬት ለቆረጠው፣ በራሪ ወረቀቱን ለሣለው፣ ፋንዚኑን ፎቶ ኮፒ ላነሳውም እንዲሁ።

አሁን ግልባጩ ለደረሳችሁ ወዳጆቼ። መዝገቡ በየዓመቱ 25 ቅጂ ይመርጣል። ቅጂው ቢያንስ 10 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በባህል፣ በታሪክ ወይም በውበት ፋይዳ ያለው መሆን አለበት። ጥቆማ ከማንም ይቀበላሉ፤ ባለሙያ መሆን አይጠይቅም። የኤክሶደስን አልበም ጠቁሙ። ሌላ የምትወዱት ካለ እሱንም ጠቁሙ። የዚያ ዘመን ካሴት እጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ አጫውታችሁ አትሞክሩት፤ ባረጀ ቴፕ ውስጥ ክሩ ሊበላ ይችላል። ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁት፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ማግኔት ካለው ነገር፣ በተለይ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አንሱት። ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሱ። ማን እንደሰጣችሁና መቼ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።

ለእናንተ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች የመጨረሻ ጥያቄዬ ይህ ነው። የዘንድሮውን ጥቆማ ስታዩ አልበሙንና ዴሞውን አትለያዩዋቸው። አንድ ላይ አስገቧቸው። ከጎናቸው የተቀዱበትን ቀን ጻፉ፣ የወጡበትን ቀን ብቻ አትጻፉ። ካሴት ያላቸው ሰዎች ለማን እንደሚልኩ የሚያሳይ አንድ አድራሻ በይፋ አውጡላቸው። ብዙዎቹ ለመስጠት ዝግጁ ናቸው፤ ማን እንደሚቀበላቸው ነው ያላወቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የትራሽ ሜታል አድማጭ